ግራ እጅ የፈተለው ባና

ጡረታ የወጣው ዳኛ ልብ ወለዱን በሁለት ወፍራም ደብተር ጽፎ ደባርቅ ወዳለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ያመጣው ባለፈው ክረምት ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልለውም።

ታሪኩ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ስለጠፋበት፣ ፖሊስ ያቃተውንም አንድ ዳኛ በራሱ ጥበብ ስለደረሰበት ነገር ነው። ዳኛ እንዲህ አይሠራም። የቀረበለትን ማስረጃ መዝኖ ይፈርዳል እንጂ በበቅሎ ደረስጌ ድረስ ወጥቶ ምስክር አያሳድድም። ዳባት ፍርድ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የችሎት ጸሐፊው ሆኜ ስሠራ፣ ይህ ሰው ተነሥቶ መስኮት ሲዘጋ እንኳ አላየሁም። ልብ ወለድ ነው ብዬ መተየብ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እጄ ቆመ። ሟች የተጠቀለለበት የበግ ፀጉር ባና ችሎት ይቀርባል። ዳኛው ክሩን ያይና የፈተለችው ሴት ግራኝ መሆኗን ያውቃል፤ በዚያም ገዳዩን ይደርስበታል። ሻይ የምታቀርብለት አንዲት ፈዛዛ ጸሐፊም አለች። «እንዴት አወቁ?» ትለዋለች፣ አፏን ከፍታ።

ባናው እውነት ነው። ግድያ ግን አልነበረም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከድብ ባሕር መጥታ ጎረቤቷን ባናዬን ሰረቀኝ ብላ ከሰሰችው። እሱ ሚስቴ የፈተለችው ነው ይላል። ምስክር የለም። ሴትየዋ ቃሏን ሰጥታ ስትጨርስ፣ ለአሻራ የዘረጋችው ግራ እጇን ነበር። እናቴም ግራኝ ነበረች። ክሯ እንደ ሌላው ሰው ሳይሆን በተቃራኒው ስለሚዞር፣ ሸማኔው ከሌላ ሴት ክር ጋር አልደባልቅም ይላት ነበር። ባናው ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጧል። ከዳሩ የተንጠለጠለ ክር በጣቴ ፈታሁ። እንደ እናቴ ክር የሚፈታ ሆኖ አገኘሁት።

በዕረፍት ሰዓት ቢሮው ገብቼ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይቺን ሴትና የተከሳሹን ሚስት ያስፈትሏቸው» አልኩት፣ ምክንያቱንም ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ እንዝርት አስመጥቶ ሁለቱንም አስፈተለ፤ እንደ ባናው በተቃራኒው የዞረው የሴትየዋ ክር ነበር። ባናው ለሴትየዋ ተመለሰ። አገሩ የዳኛውን ብልሃት ሲያወራ ከረመ፤ እሱም እየሰማ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ፣ ሥራዬን እፈልገው ነበር።

አሁን ግን ደብተሩን ይዤ ጠየቅሁት።

«የክሩን ነገር ማን እንደነገረዎ ያስታውሳሉ?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እህቴ።»

«ባናው ልብ ወለድ አልነበረም።»

ሳቀ። «መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አመሰግንሻለሁ፣ አይዞሽ። ስለ ትየባው።»

የነገርኩትንም በቅጡ አላስታወሰው። ግራኝ የፈተለችው ክር የሰለለና ቶሎ የሚበጠስ ነው ብሎ ጽፏል። የእናቴ ክር በቅሎ ያስራል። ላርመው አሰብኩና ተውኩት። አንድ ፊደል ሳልነካ እንዳለ ተየብኩለት። መጽሐፉ እዚሁ ደባርቅ ሲመረቅ፣ እንዝርት የያዘች ሴት ሁሉ ትስቅበታለች ብዬ ነበር።

ሳቁበትም። በምረቃው ዕለት ያንኑ ገጽ መርጦ ሲያነብ ከኋላዬ ያሉ ሁለት የሰፈሬ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይህ ሰውዬ እንዝርት አይቶም አያውቅ።»

«እሱስ ወንድ ነው፣ ከየት ያውቀዋል? የተየበችለት ማን ናት?»

መጽሐፉን ገለበጡት። ስሜ የመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። አንደኛዋ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? እናትሽ ግራኝ አልነበሩ? ይህን እንዴት አለፍሽው?»

እኔ ነኝ ያኔ የነገርኩት ልላት ዞርኩ። ግን «የምታውቂ ብትሆኚ ኖሮ ታርሚው አልነበር?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል» አልኳት።

ዳኛው ከመድረክ ላይ ስለ ትየባው ስሜን ጠራ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።