የአምናው ዜና

ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምንዝናናው በሚሞሪ ካርድ ነው። ባለሱቁ ከባሕር ዳር በፍላሽ የሚያመጣውን ድራማ፣ ቀልድና ዜና እናስጭናለን። ድራማው ሁሉ አንድ ነው፤ ቪላ ቤት ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ቀልድ አዋቂ ነኝ ባዩ ከእኛ ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ዜናውንማ ተዉት፤ ግማሹ ያስፈራራል፣ ግማሹ ያጽናናል፣ እኔን ሁለቱንም ማመን ታክቶኛል።

ያም ሆኖ ቡሬ አጠገብ ገጠር ለሚኖሩት አጎቴ በየገበያው ቀን ሚሞሪ አደርስላቸዋለሁ። ባለፈው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ እየፈለፈሉ፣ ስልካቸውን ጮክ አድርገው ዜና ያዳምጣሉ። ጆሮዬን ጣል ባደርግ የአምና ዜና ነው። ከመኪና ወርጄ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በእግሬ መምጣቴ ትዝ አለኝና ተናደድሁ።

«አጎቴ፣ ይኼ እኮ ያረጀ ነው! አዲሱን ባለፈው አምጥቼልዎ አልነበር?»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ ከበቆሎው ቀና ሳይሉ። «የአዲሱን መጨረሻ ስለማላውቀው ልቤ ተንጠልጥሎ ይውላል። ይኸኛውን ግን በሕይወት አልፌዋለሁ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ፈለፈልሁ።

በማግስቱ ሱቁ ስገባ ባለሱቁ እንደ ልማዱ፣ «ትኩስ ዜና ገብቷል፣ ልጫንልህ?» አለኝ።

«የአምናውን ጫንልኝ» አልሁት፣ ሁለት ሚሞሪ አውጥቼ። «አንዱ ለአጎቴ፣ አንዱ ለእኔ።»