ፀሐይ አምጪው ይመለስ ወይስ ይቅር

የልጅ ልጆቼ ይህን ተረት በነገርኳቸው ቁጥር መጨረሻው ላይ ያኮርፉኛል። «ምነው እማዬ፣ ቢመለስ ምን አለበት? ተረት አይደል እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ተረት ይቀየር የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። «ሂዱ ወዲያ! ያልወደደው የራሱን ይፍጠር» ብዬ አባርራቸዋለሁ። ሲሄዱልኝ ግን ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ለአንዲት ሴት ብዬ አንድ ጊዜ ቀይሬው አውቃለሁና።

ጊዜው ጣልያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ጎንደር ላይ ጣልያን ጥሎት የሄደው ነገር ገና ሞልቶ ነበር፤ ማኪናው፣ ቦርሳው፣ የቆርቆሮው ቤት። የኛ ቤት ግን ከአንገረብ ወንዝ በላይ ዳገቱ ላይ ያለች የሳር ቤት ነበረች። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ቤት አለን ብለው የሚኮሩት ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ እንዝርታቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ተረት የገዛ ስምን ሲጠሩት አይሰማማ! እናቴ «ሀብታሙ ሁሉ በክረምት የኔ ጥገኛ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ያን ሳቋን ዛሬ አንዴ ብሰማው ምን ነበረበት።

ሴቶቹ የሚመጡት ለመፍተል ነው፤ የሚቆዩት ግን ለአክስቴ ተረት ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ የትክል ድንጋይ ሰው፣ ምላሷ ስለታም፣ ፈትሏ ግን ሸጋ፣ ቀጭን። ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ የምትናገረው አንድ ተረት ብቻ ነው፤ ከምሳ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። በቤታችን አንድ ደንብ ነበር። ተረቱ ሳያልቅ የማንም ፈትል ወደ ሸማኔ አይሄድም። የቸኮለች ካለች አክስቴ «ምነው እቴ፣ ሰርግ አለብሽ?» ትላታለች፤ ሴትየዋም አፍራ ትቀመጣለች።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ አውሬ ፀሐይን ወስዶ ከተራራው ጀርባ ዋሻ ውስጥ ይዘጋባታል። ደጋው ጉም ለብሶ ይቀራል፤ ገብሱ አይበስል፣ እንጨቱ አይደርቅ። ያን ጊዜ አንድ አዲስ ሙሽራ በቅሎውን ጭኖ ፀሐይን ሊያመጣ ይነሳል። እዚህ ላይ አክስቴ ወንዙን፣ ገደሉን፣ የሚናገሩትን ዝንጀሮዎች፣ እንቅልፍ የሚሸጠውን ሽማግሌ እያለች ሐምሌንና ነሐሴን ትጨርሰዋለች። በመጨረሻ ሰውየው አውሬውን ይገድለዋል። ዋሻው ግን የብረት በር አለው፤ የሰው ትከሻ ደግፎ ካልያዘው ራሱን በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ሰውየው በሩን ይዞ እዚያው ይቀራል፣ ፀሐይም በየማለዳው በትከሻው ሥር አልፋ ትወጣለች። በቅሎዋ ብቻዋን ወደ ቤት ትመለሳለች። ሚስቱ ቃጭሉን ሰምታ እየሮጠች ስትወጣ ባዶ ኮርቻ ይገጥማታል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ደጅ ትቆማለች፤ የመጀመሪያው ጮራ ፊቷ ላይ ሲያርፍ «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። በቃ፣ አለቀ።

ሁላችንም በየዓመቱ እዚያች ላይ እናለቅስ ነበር። ደግሞም ልቅሶው ይጣፍጠን ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ! «ዘንድሮስ ቢመለስ?» የምትል አትጠፋም፤ አክስቴ ግን ወይ ፍንክች።

መጨረሻውን ሰምታ የማታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጎረቤታችን ናት፤ እኛ ልጆቹ እትዬ እንላታለን። ባሏ በጣልያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ወደ ሳንጃ ቆላ እንደወረደ ቀርቷል። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለ የለም። ሬሳውን ያየ ሰው ስላልተገኘ መርዶ የሚያረዳት ጠፋ። መርዶ ስላልሰማች ለቅሶ አልተቀመጠች፣ ተዝካርም አላወጣች። የሰሊጥ ነጋዴዎች ከሳንጃ በመጡ ቁጥር ገበያ ወጥታ «አያ፣ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ያለ፣ ቀይ ሰው አላጋጠማችሁም?» እያለች ትጠይቃለች። የነፍስ አባቷ «ልጄ፣ የዚህ ሰው ነፍስ ፍትሐት አጥታ እስከ መቼ ትንከራተት?» ሲሏት «አባቴ፣ በቁሙ ላስፈታው?» ትልና አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። እውነቷን ነው። ሞቶ ከሆነ ነፍሱን መበደሏ ነው፤ በሕይወት ካለ ደግሞ ተዝካሩን ማውጣት በቁሙ መቅበር ነው። በየክረምቱ የምትፈትለው ለሱ ጋቢ የሚሆን ነበር።

በጳጉሜ ማብቂያ የተረቱ መጨረሻ ሲደርስ፣ ልክ የበቅሎዋ ቃጭል ሊሰማ ሲል፣ እትዬ ትነሳለች። «ውይ! ወጥ ጥጄ ነው እኮ የመጣሁት!» ትልና ዝናቡ ውስጥ ትገባለች። ምድጃዋ ላይ ምንም እንዳልተጣደ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድም ሴት ግን ተናግራባት አታውቅም።

እኔ በታጨሁበት ዓመት ጳጉሜ ሲገባ አክስቴ ጉሮሮዋን ታመመችና ድምጿ ጥፍት አለ። ሴቶቹ ተጨነቁ፤ ተረቱ ካላለቀ ፈትሉም ተቀመጠ ማለት ነው፣ ለመስቀል ምን ሊለበስ! አክስቴ በእንዝርቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ተረቱን ከአፏ እየነጠቅሁ ነው ያደግሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከጓሮ ጎመን ስቀነጥስ እትዬ መጣች። የኔኑ ጎመን አብራኝ መቀንጠስ ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ብለምንሽ እምቢ ትይኛለሽ?»

«ምን በወጣኝ! ምንድን ነው እትዬ?»

«ዘንድሮ ይመለስ። ለአንድ ጊዜ ብቻ። እኔም እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ልስማ።»

ድንጋይ ካልሆነ በቀር ይህን እምቢ የሚል ማን ነው? እሺ አልኳት። ለአክስቴ ስነግራት ጆሮዬን ይዛ ወደ አፏ ጎተተችው። «ተረት አደራ ነው። ያንቺ ነው እንዴ? ከነገሩ ጦም እደሩ!» አለች በዚያ በታፈነ ድምፅ። «ሴትየዋ እንዲህ እየነደደች አንቺ ስለ ተረት ትጨነቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። አንደበቴ ያኔም ክፉ ነበር። ጆሮዬን ለቀቀችና ዘወር አለች።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ሞላ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ እንዝርቱ ይሾራል። ሰውየውን በሩ ላይ አደረስኩት፤ አውሬውን አስገደልኩት። እትዬን አየኋት፤ አልተነሳችም። የበቅሎዋን ቃጭል አሰማሁ። «ሚስቲቱ እየሮጠች ወጣች» አልኩ፤ «እነሆ! ኮርቻው ላይ ባሏ ተቀምጧል!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንዷ አሮጊት «እሰይ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው!» ብላ ልቃቂቷን ወረወረች። እኔ እንደ ሙሽራ ተኩነስንሼ እትዬን ሳያት፣ እንዝርቷ ጭኗ ላይ ተኝቷል። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«በሩንስ?» አለች።

«የቱን በር እትዬ?»

«የብረቱን ነዋ። እሱ ከመጣ ማን ይዞታል?»

የምገባበት ጠፋኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥያለሁ። «ሌላ ሰው ተተክቶለት ነው» አልኩ ከአፌ እንደመጣልኝ።

«የማን ባል?»

እልል ይሉ የነበሩት ሴቶች ወደ እንዝርታቸው አቀረቀሩ። አክስቴ ከጥግ ሆና ታየኛለች፤ ያን ጊዜ እንኳ ልትቆጣኝ አልፈለገችም።

«መልሺው» አለች እትዬ። «ወደ በሩ መልሺው። የሌላይቱን አስቀርቼ የኔን አልቀበልም።»

«የኔን» ስትል ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እኔ እንባዬ እየወረደ ሰውየውን ከኮርቻው አወረድኩትና ወደ ዋሻው መለስኩት። በሩን በትከሻው አስያዝኩት። በቅሎዋን ብቻዋን አመጣኋት፤ ሚስቲቱን ደጅ አቆምኳት። እትዬ ወጥ ጥጃለሁ አላለችም። «እንዴት አደርክ?» ብዬ ስጨርስ አንድ ጩኸት ጮኸች፤ የገደል ማሚቶ የሚመልሰው ዓይነት፣ የለቅሶ ቤት ጩኸት። ሴቶቹም የሆነው ነገር ገባቸው። እንዝርታቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ጎንደር ስንት ሽማግሌ እያላት፣ እትዬ ማንም ያላረዳትን መርዶ በእኛ ሳር ቤት፣ በተረት ሰማች። ስሙን እየጠሩ፣ ደግነቱን እያነሱ እስኪመሽ አለቀሱለት። ድምፅ የሌላት አክስቴ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛ ብቻ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

ከመስቀል በኋላ እትዬ የነፍስ አባቷን አስጠርታ ፍትሐቱን አስፈታች፣ ተዝካሩንም አወጣች። በዚያ ክረምት ከፈተለችው ያሠራችውን ጋቢ ለሳቸው ሰጠች። በማግሥቱ ማለዳ የድግሱን ዕቃ ላጥብላት ስሄድ ደጇ ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ፊቷን ከአንገረብ ማዶ ወዳለው ኮረብታ አዙራ። ፀሐይ ብቅ ስትል ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«እንዴት አደርክ?» አለች። ዓይኗን ገለጠችና፣ «ትከሻህስ? አላመመህም?»

ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። በሚቀጥለው ክረምት ድምጿ ተመልሶላት ተረቱን ራሷ ጨረሰችው። ሚስቲቱን ደጅ አቆመቻት፣ «እንዴት አደርክ?» አሰኘቻት። ሁላችንም አለቀ ብለን እንባችንን ስንጠርግ፣ አክስቴ፣ ያቺ ከተረቷ አንዲት ቃል የማታስነካው ሴት፣ ወደ እትዬ አየት አድርጋ «ትከሻህስ? አላመመህም?» ብላ ጨመረችበት።