ተቀባይ የሌለው አድራሻ

የሰርቨር ክፍሉን በር ሁልጊዜ አንኳኩታ ነው የምትገባው። ውስጥ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ያለው ቁመቱ ትከሻዋ የሚደርስ የብረት ሳጥን፣ ሲያጉረመርም የሚውል ማቀዝቀዣ፣ ደመና በሌለበት ሰማይ እንዳሉ ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉ አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ናቸው። እሷ ግን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች፣ ጥቂት ትቆማለች፣ ከዚያ ትገባለች።

«ማን ግቢ እንዲልሽ ነው?» ይሏታል የቢሮ ጓደኞቿ።

«ያንኳኳ ሰው መልስ ይገባዋል፤ መጀመሪያ ማንኳኳቱን ልለማመድ ብዬ ነው» ትላቸዋለች፤ ይስቃሉ።

የውሃ መሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ «ፖስተኛዋ» ያሏትም ለዚሁ ነው። ከዚህ በፊት የተቀባዮቹ ስም በአንድ ተራ ፋይል ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ሰው ሲቀጠር ትጨምራለች፣ ሲለቅ ትሰርዛለች፣ ስትሳሳት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በሙሉ ቀጥ ይላል። ዘንድሮ ይህን ትታ ኢሜይሉን የሚያመላልሰውን ሰርቨር ከዳታቤዝ፣ በሰንጠረዥ ከተደራጀ የመረጃ ቋት፣ ጋር አገናኘችው። አንዱ ሰንጠረዥ ዶሜይኖቹን፣ የቤቶቹን ስም እንደማለት፣ ይይዛል፤ ሌላው በየቤቱ ያሉትን ተቀባዮች። መልእክት በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ደጃፍ ላይ ያቆመውና ሰንጠረዡን ይጠይቃል፦ እንዲህ የሚባል ቤት አለን? በቤቱስ እንዲህ የሚባል ሰው አለ? ካለ ይግባ። ከሌለ «እንዲህ የሚባል የለም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። ነፍስ የሌለው ብረት ለማያውቀው ሰው እውነቱን ይነግረዋል። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ያስደንቃታል።

ዳታቤዙ ሥራ በጀመረ ማግስት ጉዱ ወጣ። ሰርቨሩ መልእክት ይመልስ ጀመር፤ ብዙ መልእክት፤ ሁሉም የተላኩት ለቅሬታ ሰሚ ክፍል ነው። ክፍሉ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሠራተኞቹ ተበትነዋል፤ ወንበሮቹን እንኳ ስብሰባ አዳራሹ ወስዷቸዋል። ስለዚህ በአዲሱ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አድራሻው ግን በየወሩ ለየቤቱ በሚታደለው የውሃ ቢል ግርጌ እስካሁን ይታተማል። በድሮው ፋይል ጊዜ የሕዝቡ አቤቱታ ጡረታ የወጣ አንድ ሠራተኛ ሣጥን ውስጥ እየገባ፣ ከፍቶ የሚያየው ጠፍቶ ይከማች ኖሯል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው የክፍል ሹሞቹን ሰበሰበ።

«መፍትሔው አንድ ረድፍ ነው» አለች ፖስተኛዋ። «የቅሬታውን አድራሻ እጽፋለሁ፣ ከጎኑ የሚቀበለውን ሰው አድራሻ እጽፋለሁ፤ አለቀ። ግን ረድፉ ተቀባይ ካልተጻፈበት አይቀመጥም። የማንን ስም ልጻፍ?»

ሹሞቹ ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ።

«ቅሬታ የሂሳብ ጉዳይ አይደለም» አለች የሂሳብ ሹሟ ቀድማ።

«እኛ ቧንቧ እንጂ ለቅሶ አንጠግንም» አለ የቴክኒኩ።

«ለሰው ኃይል ክፍል ከሆነ ሰው የለንም» አለ ሦስተኛው፤ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ።

ኃላፊው ጠረጴዛውን በብዕሩ ጫፍ መታ መታ አደረገ። «ይህን ያህል ምን ያከራክራል? ተቀበዪውና ለማንም ሳታደርሺ ጣይው። ሕዝቡ ዘንድ ተመልሶ አያሳፍረንም፣ እኛንም አይረብሸንም።»

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ደርሶልኛል ብሎ ይጠብቃል!»

«ይጠብቃላ! መጠበቅ ማንን ገደለ?»

ቆሽቷ አረረ። የተዘጋ በር ቢያንስ መዘጋቱን ይናገራል። ይሄ ግን ገደል አፍ ላይ በር አቁሞ «ግቡ» ማለት ነው። «እስከ ነገ ላስብበት» ብላ ወጣች። ከልጅነቷ ያሳደገቻት፣ አሁንም አብራት የምትኖረው አክስቷ ለቅሬታ ክፍሉ ከጻፉት አንዷ ናትና።

አክስቷ ቤት በር ላይ መሬቱ ዝናብ ሳይዘንብ ይረጥባል። ዋናው ቧንቧ ከሥር ፈንድቷል። ውሃው ወደ መሠረቱ ገብቶ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። አክስቷ አልጋዋን ስባ ወደ ሌላው ጥግ አስጠግታለች።

«አክስቴ፣ ለጥገናው ፎርማን ልንገረው ብዬሽ ነበር እኮ» አለች ፖስተኛዋ።

«አይሆንም አልኩሽ! ቢሌን የምከፍል ሰው ነኝ፤ በዘመድ ልጠገን? ጎረቤቶቼስ? እነሱ ማንን ዘመድ ያድርጉ?» አክስቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ደግሞ ጽፌያለሁ። የጎረቤት ልጅ ፎቶውን አንስታ ላከችልኝ። ቢዘገዩም ደርሷቸዋል።»

«መድረሱን በምን አወቅሽ?»

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? 'ካልደረሰ ይመለሳል' ብለሽኛል። አልተመለሰም። ስለዚህ ደርሷል።» ረታሁሽ በሚል ዓይን አየቻት።

የአክስቷ መልእክት የተላከው በድሮው ፋይል ጊዜ ነው፤ ያልተመለሰው ጡረተኛው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ነው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚባለው እንዲህ ነው ለካ! ለዚያውም የማታለያው ቃል የራሷ ነበር። ያለ ቅሬታ ትእዛዝ የጥገናው ሰዎች አካፋ እንደማያነሡም ታውቃለች። አቤቱታው ካልተነበበ ትእዛዝ የለም፤ ትእዛዝ ከሌለ ግድግዳው አንድ ቀን አክስቷ ላይ ይወርዳል።

በማግስቱ ጠዋት የሰርቨር ክፍሉን በር ጠንከር አድርጋ አንኳኳች። ገባች። የቅሬታውን ቤት ዶሜይኖቹ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አድራሻውን ተቀባዮቹ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባች። ጡረተኛው ሣጥን ውስጥ የተከማቸውንም ቆልፋ አላስቀረችውም፤ በአዲሱ መንገድ እንዲሄድ ለቀቀችው።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኃላፊው ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ። የክፍል ሹሞቹ በየበራቸው አንገታቸውን አሰገጉ። የጥገናው ፎርማን ግድግዳውን ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ስልኬ የንብ ቀፎ ሆነ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ሰንጠረዡ ባዶ አልቀበልም አለ፤ ጋሼ። ስም ጠየቀኝ። የዚህ ቤት ኃላፊ ማን ነው ብዬ አሰብኩ፤ እርስዎ መጡልኝ።»

ከአንዱ በር የታፈነ ሳቅ ወጣ። የኃላፊው ጆሮ ቀላ።

«አሁኑኑ አውጪኝ!»

«አወጣዎታለሁ። የኔ ስም ግን ይቀራል፤ አብሬዎት ጽፌዋለሁ። ለጻፈ ሁሉ እመልሳለሁ። ኃላፊው የት ሄዱ ካሉኝ ግን አልዋሽም፤ ስሜን አውጪ ብለውኛል እላለሁ።»

ኃላፊው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተከለ። ፎቶ ነው፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ወደ ሌላው ጥግ የተጠጋ አልጋ። ከታች የላኪዋ ስም አለ። ስሙን አነበበ፣ ፖስተኛዋን አየ።

«አክስትሽ አይደለችም? ያን ጊዜ አንቺን ፍለጋ እኔ ቤት የደወለችው?»

«ናት።»

ድምፁ ወዲያው ለሰለሰ። «ታዲያ እንዲህ አትይም ልጄ! ምን አስቸገረሽ? ለእሷ ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ። አንቺም ስሜን ታወጪያለሽ፤ እንስማማለን።»

ግድግዳው ዓይኗ ላይ መጣባት፤ አልጋውም፣ አልጋው ላይ የምትተኛዋም። አዎ ብትል ማታ አክስቷ በሰላም ትተኛለች። ንዴቷ ግን ቀደማት።

«እኔ አክስቴን ልሸጥልዎት አልመጣሁም! ለአክስቴ ብዬም ጎረቤቶቿን አልሸጥም። ከእሷ ቀድመው የጻፉ አሉ። ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ እሷ ተራዋ ሲደርስ ትደርሳለች። ተራዋ ሳይደርስ ግድግዳው ከወደቀ ደግሞ ያ ፎቶ እርስዎ ስልክ ውስጥ አለ፤ አልደረሰኝም አይሉም።»

ፎርማኑ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አለቃ፣ ጣልቃ ገባህ አይበሉኝና፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ የት ነው የሚኖረው?»

ኃላፊው ሳይወድ ስልኩ ላይ መልእክቶቹን በጣቱ እየገፋ እስከ መጀመሪያው ወረደ። ሰፈሩን ተናገረ።

«እሱማ የአክስቷ ቤት ያለበት መንገድ ላይ ነው፤ ያው አንዱ ቧንቧ ነው የሚያፈሰው» አለ ፎርማኑ። «መኪናዋ ቆማለች፤ እኔ ያጣሁት ትእዛዝ ነው።»

ሹሞቹ ሁሉ ኃላፊውን አዩት። የሚጠቁምበት ሌላ ሰው ፈልጎ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ፤ አላገኘም።

«ሂዱ» አለ በመጨረሻ፣ ለፎርማኑ። ስሜን አውጪ የሚለውን አልደገመውም። ስልኩ እጁ ላይ ደግሞ ነዘረ፤ ሌላ መልእክት ገባ። «አንቺ ግን ነገ ቢሮዬ ትመጫለሽ! ይሄ ነገር እንዲሁ አይታለፍም።»

«እመጣለሁ» አለች። «አንኳኩቼ።»

ዞረች። እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። በየበሩ የቆሙት መንገድ ለቀቁላት። ውጭ የጥገናው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ሳትሰብር፣ በረጅሙ ኮሪደር ወደ ብርሃኑ እየሄደች፣ እየሄደች ትንሽ ሆነች።