የሚሰበረው ችንካር

በሐይቁ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ጥገና ቤት የሚሠራውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። «አባ እርጋ» ነው የሚሉት። ተጣድፎ የመጣን ደንበኛ ሁሉ «እርጋ!» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ሙያውን ያስተማረው ሰው አልነበረም። የተጣለ ዕቃ እየፈታ፣ መልሶ እየገጠመ፣ አንዳንዴም ገጥሞ የተረፈውን ብሎን በመዳፉ ይዞ እየተገረመ ለመደው። አንድ ደንብ አለው፤ ዕቃው ለምን እንደተሰበረ ሳያውቅ የብየዳ መነጽሩን አያጠልቅም።

አንድ ማለዳ ታላቅ እህቱ መጣች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቀኝ ትከሻው ከታመመ ወዲህ መቅዘፍ አይችልም፤ ጀልባውን የሚያንቀሳቅስለት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። በዋዜማው ሞተሩ ውኃ ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር ተላትሞ፣ ከጀልባው ጋር የሚያያይዘው የብረት መያዣ ተሰነጠቀ። ሰውዬውም ከመገልበጥ ለጥቂት ተረፈ።

«መያዣውን ተሸክሞ እየመጣ ነው» አለች ከበሩ ሳታልፍ። «አይጠገንም በለው።»

«ሳላየው?»

«ብታየውም። ውኃ በልቶት ከሚቀር፣ ቤት ቁጭ ብሎ ቢነዘንዘኝ ይሻላል።»

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልታስዋሺኝ?»

«ለነፍሱ ብዬ ነው። እግዜር ይቅር ይልሃል።»

«እሱስ ይለኛል። ጋሼ ናቸው የማይሉኝ።»

ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ባሏ መያዣውን በጆንያ ጠቅልሎ ደረሰ።

«ምነው እህትና ወንድም፣ ገና ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው?»

«ማን የትኛውን ይውሰድ በሚለው አልተስማማንም ጋሼ» አለ አባ እርጋ።

መያዣውን በሞርሳ አጠበቀና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየው ጀመር። ስንጥቁ ከማጠፊያው ተነሥቶ እስከ ብሎኑ ቀዳዳ ደርሷል። ቆይቶ አዙሮ አሰረው፤ ደግሞ አየው።

«በዚህ አያያዝህ ዓሣው በእርጅና ይሞታል» አለ ሰውዬው።

«ይርጉ ጋሼ።»

ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ካልሆነም ንገረኝ። ጀልባውን ለሰው ሰጥቼ እቀመጣለሁ» አለ። እህት ወንድሟን አየችው። እሱ ግን ማጠፊያው ውስጥ የሆነ ነገር አግኝቶ ነበር። በፒንሳ ስቦ አወጣው፤ የተጣመመ ወፍራም ሚስማር ነው።

«እዚህ የእንጨት ችንካር ነበር የገጠምኩት። ይህን ማን ከተተው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። «እንጨቱን ሳየው ቀጭን ነው። መሀል ውኃ ላይ ቢሰበርበትስ ብዬ ቀየርኩት።»

«እንዲሰበር እኮ ነው የተሠራው እትዬ። ሞተሩ ድንጋይ ሲነካ እንጨቱ ይሰበርና ሞተሩ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሚስማሩ አልበገር ሲል፣ ምቱን በሙሉ መያዣው ተቀበለ።»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። አንዳቸውም አልነገሯትም ነበር።

«ትናንት ሙሉ ድንጋዩን ስረግም ዋልኩ» አለ ባሏ። «ለካስ ጉዴ ከጓዳዬ ነው!» ቃሉ እንጂ ድምፁ ቁጣ አልነበረውም።

አባ እርጋ መነጽሩን አጠለቀ። ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሄድ ጫፉ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ በሳ፤ የጎበጠውን ብረት በመዶሻ አቀና፤ በየደው፤ በጀርባውም ላሜራ ደረበለት። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ለእህቱ ቁራጭ እንጨትና ቢላ ሰጣት።

«ችንካሩን አንቺ ጥረቢው። በእጅሽ ጥረሽ የምትሰብሪው ይሁን። አንቺን እምቢ ካለሽ ድንጋዩንም እምቢ ይላል።»

የመጀመሪያው እምቢ አላት። ጥርሷን ነክሳ ብትታገለውም ንቅንቅ አላለም፤ ባሏ ሳቀባት። ሁለተኛውን አቅጥና ጠረበችና ቀጭ አደረገችው። በሱ ልክ ሌሎችም ጠርባ በጣሳ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ሞተሩን ሲገጥም ጫማዋን አውልቃ ጀልባው ላይ ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ድንጋዩ ጋ ውሰደኝ።»

«ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?»

«ስጋቴን ይዤ ቤት ከምጠብቅህ በዓይኔ ልየው።»

እሷ ጣሳውን ታቅፋ፣ እሱ መሪውን ይዞ፣ በዝግታ ሄዱ። ድንጋዩ አጠገብ ሲደርሱ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ እንደ በር ታጥፎ ከውኃው ወጣ፤ ጀልባው ትንሽ ተንሳፍፎ ቆመ። አልተገለበጠም።

ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ማጠፊያውን አየች።

«ተመስገን» አለች፣ «ተሰበረ።»

ከጣሳው ሌላ ችንካር አወጣችና ራሷ ከተተችው። ከዚያ «ዳር አድርሰኝና ወደ ሥራህ ሂድ» አለችው።