አየር የያዘ ፍሬን

የጭነት መኪናዬን ፍሬን ራሴ ግቢዬ ውስጥ የምሠራው መካኒክ ንቄ አይደለም። ቁልቁለቱን የምወርደው እኔ ነኝ፤ ብሎኑን ያጠበቀውን እጅ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ሐይቅ ከተማ ባለው ቤቴ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹን ፈታሁ። የፍሬን ሸራው እስከ ብረቱ አልቋል፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐርም ዝጎ ተጣብቋል። በሁለቱም በኩል አዲስ ገጠምሁ። የቀረኝ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር፤ ባለቤቴ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ እኔ ከሥር ሆኜ የአየር ማውጫውን ብሎን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አየሩ ሳያልቅ የፍሬን ዘይቱ አለቀ። ከተማውን ዞሬ አጣሁ፤ ከደሴ የሚመጣው ነገ ነው አሉኝ።

ጎረቤቴ የመጣው ይኼኔ ነው። አብሮ አደጌ ነው። እናቱ ውጫሌ ሴት ልጇ ዘንድ እንደሄደች እዚያው አርፋለች፤ ኑዛዜዋ ግን ሐይቅ፣ ባሏ አጠገብ እንድትቀበር ነበር። በዚያ ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ጀናዛ አያድርም፣ ወንድሜ። ተነስ» አለኝ።

ፔዳሉን ረገጥሁለት፤ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

«በማርሽ፣ ቀስ እያልህ ትወርዳለህ። አብሽር፣ እሷን ይዘህ ምንም አትሆንም።»

«እሷን ብቻ መች ሆነና የምጭነው?»

እውነቴን ነው። እኛ አገር አስከሬን ብቻውን አይጓዝም፤ ጭነቱ ላይ ቀባሪ ጢም ብሎ ይወጣል፣ ውረዱ የሚል አንደበትም የለም።

ያች ሴት በበዓላቸው ቀን ለእኔ ብላ ዶሮ በክርስቲያን እጅ አሳርዳ፣ በለየችው ድስት ሠርታ ታበላኝ ነበር። እሱም ይህን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ተናድጄ ነበር፤ በዘይቱም፣ በሞቱም፣ ከሁሉ ይልቅ ግን እምቢ የማልለውን ነገር በለመነኝ በእሱ።

«አልችልም» አልሁት።

«አላህ ያውቃል» ብሎ ወጣ።

ውጫሌ ቀበሯት። በነጋታው ዘይቱ መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አየሩን አስወጣን፣ ፔዳሉም ጠጠረ። መኪናዋን እዚያው ትቼ ለቅሶ ልደርስ እሱ ቤት በእግሬ ሄድሁ። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ቢሰድበኝ በቀለለኝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ተቀበለኝ፣ ብላም አለኝ።

«ፍሬኑ ያዘ?» አለኝ።

«ያዘ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከልቡ ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ ብቻውን ቀረ» አለኝ።