አይስቴ የመረጠልኝ ዐሥራ ሁለት ቄቦች

ዶሮ እርባታው ውስጥ ታናሽ ወንድሜን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አይስቴ» ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው ያው ነው፤ ስድስት ሳምንት የሞላቸውን ጫጩቶች አንድ በአንድ እያነሳ ወንዱን ወደ ግራ ሳጥን፣ ሴቷን ወደ ቀኝ። ሴቶቹ እንቁላል ቤት ይገባሉ፣ ወንዶቹ ለሥጋ ይቀለባሉ። በዚያ ዕድሜ መለያው አናታቸው ላይ ያለችው ሥጋ ናት፤ የወንዱ ቀላ ትላለች፣ የሴቷ ገርጣ። ለኔ ቢጤው ሁሉም ያው ጫጩት ነው። እሱ ግን ወሬውን ሳያቋርጥ ይለያል። ጉረኛ ነው ደግሞ፣ አይጣል ነው!

እኔም ግቢዬ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉልኝ ዐሥራ ሁለት ቄቦች አስመረጥኩት። «አደራ፣ ወንድ እንዳታስገባብኝ» ስለው «እትዬ፣ እኔን ነው አደራ የምትይኝ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ወር አለፈ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ከዶሮዎቹ ቤት አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ሰማሁ። አንዷ የታነቀች መስሎኝ ሮጥኩ። ለካ ጌታው መጮኽ እየተለማመደ ነው! ዓርብ ሁለተኛው ተከተለ። ቅዳሜ አምስት ሆኑ። ደሜ ፈላ። «ይምጣ ብቻ፣ አለቀለት!» እያልኩ ጠበቅሁት።

እሑድ ወንድሜ መጣ። ገና ከበሩ ሳያልፍ አንዱ ጮኸ። ባለበት ቆመ።

«የጎረቤት ነው?» አለኝ።

ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ጠፋብኝ። «አንተው የመረጥካቸው ናቸው» አልኩት።

ቁጢጥ ብሎ አንዱን ያዘ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወገቡን በጣቱ ዳበሰ። «ላባው ሹል ነው፣ ወንድ።» ሌላ አነሳ። «የዚች ክብ ነው፣ ሴት።» ዐሥራ ሁለቱንም እንዲያ ለየ። ሰባቱ ወንዶች ናቸው።

«ታዲያ ያኔ ምን ነካህ?» ጮኽኩበት።

«ያኔ ይሄ ላባ የት አለና? በስድስት ሳምንት ያለው ቅላቱ ብቻ ነው።» የያዘውን ዶሮ ለቀቀ። «እትዬ፣ ቀይ እየጠፋኝ ነው። ሁለት ወር አልፎታል፤ ሁሉም አመድ መስሎ ነው የሚታየኝ። ሐኪሙ ከነርቩ ነው፣ መነጽርም አይመልሰውም አለኝ።»

«ለኃላፊው ንገረዋ!»

«ልንገረውና? ያባርረኛል። ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

አንጀቴን በላኝ። «ሰባቱንም ዛሬውኑ አሳርዳለሁ፣ ማንም አይሰማም» አልኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ የመጣልኝ ነገር የለም።

ራሱን ነቀነቀ። «ያንቺዎቹን በመረጥኩበት ጠዋት ሁለት ሺህ ለይቻለሁ። ሴት ናቸው ያልኳቸው ሁሉ አሁን እንቁላል ቤት ናቸው። ትናንት አንዱ ጮኸ። ሠራተኞቹ ከውጭ ነው የመጣው አሉ። አይስቴ አይስትም አሉ፣ እትዬ።»

እጁን ታጠበና ሳይቀመጥ ወጣ።

ያልኩትን አደረግሁ፣ አሳረድኳቸው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ወንድሜ በጠዋት ሥራ ገብቷል፣ ግቢዬም ጭጭ ብሏል። እርባታው ከሠፈራችን ማዶ ነው፤ ነፋሱ ወደኛ ሲነፍስ ይሰማል። እርጥብ ልብስ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከማዶ አንዱ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት።