የላይኛውን መልስ የጫንን ሰዎች

ሰበታ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነበር፤ እዚያ ብዙ ሆነን አንድ ጀግና አሳድገናል። ሌሎቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ኳስ ነው። የጥጉ ላይ ግን ታሪክ ያለው ጌም ነበር፤ ባለቤቱም ማሽኑ ይከብደዋል ብሎ ከአንድ ሴቭ፣ ከአንድ የተቀመጠ ጨዋታ፣ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ የመጣው ሁሉ ያለፈው ሰው ካቆመበት ይቀጥላል።

ያኔ እንግሊዝኛውን የሚያነብ አልነበረም። ጌሙ ቆሞ ሁለት መልስ ሲያቀርብ የላይኛውን እንጫናለን። «የላይኛው ሁሌም እሺ ማለት ነው» ያለን አንድ የታክሲ ረዳት ነው። ማንም አልተከራከረውም፤ የቤቱ ሕግ ሆነ።

በኋላ እንግሊዝኛውን በስልክ መዝገበ ቃላት ራሴን አስተማርኩ። ጀግናው የሚለብሰውን፣ የት እንደሚገኝና ማን እንደሚሰጠው በደብተር ጻፍኩ። የቀረን የጌሙ አንጥረኛ የሚሠራው ጥሩር፣ የብረት ልብሱ፣ ብቻ ነበር። ያለ እሱ የመጨረሻው ተራራ እንደማይታለፍ ሦስት ሳምንት ተሸንፌ አረጋግጫለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንጥረኛው ቤት ደረስኩ። በሩ ዝግ ነው። የተለጠፈውን አነበብኩ፦ ወንድሜን ላሰቀለ ሰው አልሠራም።

«የቱን ወንድሙን?» አልኩ።

«ወንዙ ዳር የታሰረውን ነዋ» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት።

«ማን ነው ይሰቀል ብሎ የጫነው?»

ረዳቱ ከኋላዬ ሳቀ። «አንተ ነሃ ብሮ! አጨብጭበንልህ የለ እንዴ!»

ትዝ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነበር። የላይኛውን ጫንኩ፣ ሰውዬው ተሰቀለ፣ እኛ አጨበጨብን።

ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ በስልኬ ፈለግኩ። የለም። ያገኘሁት የበሩን መቆለፍ የሚያወድሱ ሰዎችን ነው፤ የሚያሳጣህ ነገር ከሌለ ምርጫ ምርጫ አይደለም ይላሉ። ጥያቄው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለቀረበለት ሰው ሲያምር! እኔ የመረጥኩት ሞትን አይደለም፤ ከሁለቱ መስመሮች ከፍ ብሎ የተጻፈውን ነው። አንጥረኛው ይጥላኝ፣ ከተማው ሁሉ ፊቱን ያዙርብኝ፣ ይገባኛል። እጥፍ ለፍቶ ለመጣ ሰው እንኳ ጥሩሩን መከልከል ግን ፍርድ አይደለም። ሁለተኛ በር መሥራት የሰለቸው ጌም ሠሪ ስንፍናውን ጥልቅ ታሪክ ብሎ ይሸጥልሃል።

«ሴቩን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ልጀምረው» አልኩ።

«ለአንድ ልብስ?» አለ ረዳቱ። «ሰውዬው እንደሆነ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር በለውና ተቀመጥ።»

ባለቤቱ ግን ሌሎቹ ከፈቀዱ ይሁን አለ። በሳምንቱ ሁሉም ፈቀዱ፤ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እርሻቸውን ከተማው ከበላው ወዲህ እየመጡ የጀግናውን ፈረስ ሜዳ ለሜዳ ይጋልባሉ፤ ሌላ ምንም አይነኩም።

«ፈረሱስ?» አሉኝ።

«አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የሚገኘው፣ አባባ። ሁለት ወር ቢታገሡ...»

«ሁለት ወር» አሉ።

ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው። ጥሩሩ ቀረ። አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ ፈረሱን ወንዙ ዳር ወስደው አቆሙት፣ ጠበቁ፣ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት፣ ደግሞ ጠበቁ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሃ አይጠጣም እንዴ?»

«አይጠጣም፣ አባባ። እሱን አልሠሩትም።»